በዝናብ ቤት የሚያሳዩት ጋሽ ከድር

የጋሽ ከድርን ማረፍ የሰማሁት እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል ነው። ከአሰላ የደወለችልኝ ዘነበች ናት፤ ድሮ ቤታችንን የገዛው የልብስ ሰፊው የሙሉጌታ ሚስት።

«እትዬ፣ ጋሽ ከድርን ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ።

በማግሥቱ ከልጄ ከሰናይት ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን ከአዲስ አበባ አሰላ ወረድን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ስቅስቅ ብዬ ማልቀሴን አይተው «ምንሽ ናቸው?» አሉኝ።

«ቤቴን የሸጡልኝ ሰው ናቸው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ዋጡ። «ለደላላ እንዲህ ሲለቀስ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

አልተቀየምኳቸውም። ደላላን ገዥው አስወደደብኝ ይለዋል፣ ሻጩ አራከሰብኝ ይለዋል፤ ሲሞት የሚያለቅስለት የለም። እኔ ግን የማለቅስበት ነገር አለኝ። ብዙ መናገር አልወድም። ይህን ግን ልጻፈው።

ጋሽ ከድር የአሰላ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ቤት ማሻሻጥ ከመጀመራቸው በፊት ብዙ ዘመን በሬ ሲያሻሽጡ ኖረዋል። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ ይመላለሳሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። በብብታቸው ጥቁር ጃንጥላ አይጠፋም፤ ሲዘረጉት ያየ ሰው ግን የለም። ዝናቡ እያወረደባቸው «ጋሽ ከድር፣ ለምን አይዘረጉትም?» ሲባሉ፣

«ይበሰብሳላ!» ይላሉ።

በዚያን ዘመን ደላላ መባል ያሳፍራል፣ ያስፈራልም። በቀበሌ ስብሰባ ደላላ የሕዝብ ደም መጣጭ ነው ይባል ነበር። አንድ ቀን እሳቸውን አስነሥተው በሕዝብ ፊት ሥራቸውን ጠየቋቸው። እኔም ተቀምጬ ነበር።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቤት የሚፈልግ ሰው ቤት የሚሸጠውን አጥቶ ሲንከራተት፣ እኔ መንገድ አሳያለሁ» አሉ።

«በነጻ?»

«እኔ በነጻ ነኝ፤ እግሬ ግን ይርበዋል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀና «ተቀመጥ» አላቸው። ተቀመጡ። በማግሥቱ ለሊቀ መንበሩ እህት ቤት ፈለጉላት ሲባል ሰማሁ።

ከሌላው ደላላ የሚለያቸው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ቤት የሚያሳዩት ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። ፀሐይ ከሆነ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት አይነቃነቁም። ደመናው ጭላሎ ተራራ ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማው መውረድ ሲጀምር ይነሡና ገዥውን «ና፣ አሁን ቤት እንይ» ይሉታል። ገዥው በጭቃ እየተንሸራተተ ይከተላቸዋል። «በፀሐይማ ሁሉም ቤት ያምራል» ይላሉ።

ሁለተኛው፣ ጉድለቱን ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ባለቤቱ ፊት። «በሬ ስሸጥ አፉን ከፍቼ ጥርሱን የማሳየው እኔው ነኝ። ገዥ ራሱ ከከፈተው ሌባ መሆኔ ነው» ይሉ ነበር። ብዙ ሻጭ በዚህ ተጣልቷቸዋል። ግን ጋሽ ከድር ያሳዩት ቤት ነው ከተባለ ገዥ አይፈራም። የከተማው ሰው የሚሰድባቸውም የሚፈልጋቸውም በአንድ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ።

ቤታችን ከከተማው በላይ፣ በጭላሎ በኩል ነበር። የመብራት ምሰሶ እኛ ጋ አልደረሰም። ባለቤቴ ተስፋዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ዕቃቸውን በጨረታ ሲሸጡ ሄዶ፣ የመስኮት መዝጊያ የሚያህል ጥቁር ሰማያዊ መስተዋት ተሸክሞ መጣ። ፀሐይ ሲነካው ባትሪ ይሞላል አለ። ዛሬ ሶላር ይሉታል፤ ያኔ በሰፈራችን ስም አልነበረውም፤ መስተዋቱ ነው የምንለው። ከአሮጌ መኪና ባትሪ አምጥቶ፣ የመኪና አምፖል አንጠልጥሎ፣ ሽቦውን ራሱ ዘረጋ። በማታ ማብሪያውን ሲጫነው ቤቱ ነጭ ሆነ። እኔ አማተብኩ። ሰናይት እጇን እያየች ሳቀች።

መስተዋቱን ጣሪያ ላይ ሲያቆመው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረው። ተስፋዬ በልጅነቱ ድቁና የተማረ ሰው ነው። «ፀሐይ የምትወጣው በምሥራቅ፣ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ፤ ታዲያ ወዴት ሊዞር ነው?» አለ። እኔም እውነት ነው አልኩ። ጎረቤቱም ሁሉ እውነት ነው አለ። እንደ ሥዕል ቀጥ አድርጎ በእንጨት ደግፎ፣ በቆርቆሮው ላይ በሚስማር መታው። ጭላሎ በምሥራቃችን ተገትሮ የጠዋቷን ፀሐይ እንደሚይዝብን ያሰበ አልነበረም። ተራራውን በየቀኑ ስለምናየው ይሆናል።

ሰፈርተኛው መብራቱን ሊያይ መጣ። «የእናንተ ቤት ከእንግዲህ ዋጋው አይቀመስም» ይሉን ነበር። ተስፋዬም አመነ። «ይህ ቤት አሁን ሁለት ቤት ነው» ይለኝ ነበር፣ ሲደሰት። በዓመቱ ታምሞ ዐረፈ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ያ ቃሉ ግን በቤቱ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ የሰናይት ሕመም መጣ። ስትሄድ ያደክማት ጀመር። ከዚያ እግሯ አበጠ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትራስ ደራርቤ አስደግፋታለሁ። ሐኪሙ አዳምጦ ልቧ መጎዳቱን ነገረኝ። አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል አጠገብ ተቀምጣ ለብዙ ጊዜ መታከምና መርፌ መወጋት አለባት አለኝ። «ክረምቱን በዚህ ብርድ አታሳልፊያት» አለኝ። ሰኔ ነበር። በእጄ ከቤቱ ሌላ ምንም የለኝም። ቤቱን ሸጬ ልጄን ይዤ ለመሄድ ቆረጥኩ።

ያኔ መሬት የመንግሥት ነው። ቤት ሲሸጥ ቀበሌ የሚገምተው የቆመውን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነበር። ገማቹ መጥቶ ግድግዳውን ለካ፣ ቆርቆሮውን ቆጠረ፣ ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገ።

«መስተዋቱስ?» አልኩት።

«እሱ ዕቃ ነው፣ እናቴ። እንደ አልጋ ይቆጠራል» አለኝ።

የሰጠኝ ግምት ለምንሄድበት ነገር አይበቃም ነበር። ተስፋዬ ሁለት ቤት ነው ያለው ቤት በወረቀት ላይ ግማሽ ቤት ሆኖ ወጣ። ጋሽ ከድርን ፍለጋ ወደ ሻይ ቤቷ ወረድኩ።

ፀሐይ ነበር። ተቀምጠዋል። ቤቱን ነገርኳቸው፣ መስተዋቱን ነገርኳቸው።

«ዝናብ ሲጥል እመጣለሁ፣ ሐዳ ሰናይት» አሉኝ። የሰናይት እናት ማለታቸው ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ጋሽ ከድር፣ ጊዜ የለኝም» አልኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ የልጄን ነገር ነገርኳቸው።

የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ለንስሐ አባቴ።»

«እዚያው ይቁም። ለገዥ እንዳትነግሪ።»

ገረመኝ። «እርስዎ ጉድለት ሁሉ ይነገር የሚሉ አይደሉም እንዴ?»

«የቤቱን ጉድለት ነው የምናገረው። የባለቤቱን ግን አልናገርም» አሉኝ። «የልጅሽን ነገር ሲሰማ አንዱ ገዥ ያዝንልሻል፤ ካዘነ በኋላ እድሜ ልኩን እንደ ረዳሽ ያወራል። ሌላው ጥርሱን ያሾላል፤ ቸኩላለች ብሎ ዋጋ ይሰብራል። ሁለቱም ቤቱን አያዩም። እኔ ቤቱን የሚያይ ሰው ነው የምፈልገው።»

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ጋሽ ከድርም ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። ውሃው ከካፖርታቸው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሙ። አምፖሉን አበራሁላቸው፤ እንዲያደንቁት። እሳቸው ግን አምፖሉን አላዩም። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከመስተዋቱ ሥር፣ ሚስማር በተመታበት ሁሉ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እኔ ጎድጓዳ ሳህን ከሥሩ ማስቀመጥ ከለመድኩ ስለቆየሁ ጉድለት መሆኑንም ረስቼው ነበር።

«መስተዋቱ በዋጋው ላይ ምን ይጨምራል?» አልኳቸው።

«እስካሁን የጨመረው ቀዳዳ ነው» አሉ።

ሰናይት ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ ነበር የሳቀችው። ጋሽ ከድር ወደሷ ዞረው «አንቺ ነሽ የምትስቂው? ቆይ፣ አስከፍልሻለሁ» አሏት።

የመጀመሪያውን ገዥ ያመጡት በዚያው ሳምንት ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ። ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ባትሪው እንዳረጀ፣ ጓዳው እንደሚጨልም አንድ በአንድ ነገሩት። ሰውየው ክፍሎቹን ወደዳቸው።

«መስተዋቱን አንሡልኝ። የመብራት መስመር ዘንድሮ ባይመጣ ከርሞ ይመጣል። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ጣሪያ ላይ አቁሞ የሰው ዓይን ውስጥ መግባት ምን ያደርጋል? ለቆርቆሮው ማደሻ ከዋጋው ቀንሱ» አለ።

የቆርቆሮው ማደሻ ያለው ከግምቱም በታች የሚያወርደን ነበር። ሰውየው ሲወጣ ቁጭ አልኩ። ተስፋዬ በእጁ የሠራው ነገር ቤታችንን አረከሰው።

ሌላም መጣ። ሮቤ ከተማ ጠጅ ቤት ያለው ሰው ስለ መስተዋቱ ሰምቶ ነበር። ቤት አይፈልግም። «ቴፕ ላጫውትበት ነው። ነቅዬ ልውሰደው፤ አሁኑኑ እከፍላለሁ» አለኝ። ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ልጄን አዲስ አበባ አድርሶ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ጣሪያው የተበሳሳ ባዶ ቤት ነው። ነገ ልመለስበት አልኩት፤ ወደ ጋሽ ከድር ሄድኩ።

አልከለከሉኝም። «ገንዘቡ እውነት ነው፣ ቀዳዳውም እውነት ነው። ምርጫው ያንቺ ነው» አሉኝ። ከዚያ፣ «ሐዳ ሰናይት፣ መብራት ለሚተኛ ሰው ምን ያደርግለታል? ያ ኃላፊ ራቱን በልቶ ይተኛል። ጠጅ ቤቱም በጨለማ ይጠጣል፣ ማን ከልክሎት። ማታ የሚሠራ ሰው እስካገኝልሽ ትታገሻለሽ?» አሉኝ።

«ልጄስ?»

«እኔም የምቸኩለው ለሷ ነው።»

ያን ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከክሁ። ምልክት አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ስነሣ ግን ልቤ ጸንቶ ነበር። የሮቤውን ሰው በሰላም ሸኘሁት።

በማግሥቱ ጋሽ ከድር ሁለት ሰዎችና የሬንጅ ጣሳ ይዘው መጡ። እሳቸው ከታች ሆነው በጃንጥላቸው እየጠቆሙ ያዝዛሉ። ሰዎቹ መስተዋቱን ከቆመበት አወረዱት፤ ቀዳዳውን ሁሉ በሬንጅ ደፈኑት።

«አሁን ወደየት እናዙረው?» አሉ ከላይ።

እኔ «ወደ ምሥራቅ» አልኩ።

ጋሽ ከድር ጭላሎን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እናንተ ወደ ምሥራቅ ትሰግዳላችሁ። እኛ ወደ ሰሜን እንሰግዳለን። ፀሐይዋ ግን የምታልፈው በአናታችን ላይ ነው። አስተኙት!» አሉ።

አስተኙት፤ ዝናቡ እንዲፈስ ያህል ብቻ ትንሽ አዘንብለው፣ በሽቦ ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ጋር አሰሩት፤ ሚስማር አልተመታም። የሬንጁንና የሰዎቹን ዋጋ ማን ይከፍላል ብዬ ስጠይቃቸው «ከድካሜ ጋር አስበዋለሁ፤ እኔ ጻድቅ አይደለሁም» አሉኝ። መብራቱ ከዚያ ወዲያ ቀድሞ ከሚጠፋበት ሰዓት አልፎ መቆየት ጀመረ። ተስፋዬን አሰብኩት። ቢያይ ኖሮ ራሱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ሐምሌ ገባ። ሰናይት እየደከመች ሄደች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር ብቻቸውን መጡ።

«ሰው አግኝቻለሁ። ነገ ዝናብ ከጣለ አመጣዋለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ መብራቱን አላበራም፤ ባትሪው ይሙላ» አልኩ።

ፊታቸው ተቆጣ። እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «ተይ! በሬን ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ገበያ የሚያወጣ ሰው አለ። ገዥው ቤቱ ሲደርስ በሬው ይከሳል። እንደ ሁልጊዜሽ አብሪ፤ እንደ ሁልጊዜሽ አጥፊ። ያለውን ይየው።»

አበራሁ። ሰናይት ዳዊቷን ደገመችበት። አጠፋሁ።

በማግሥቱ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ወረደ። ጭላሎ አልታየም፤ ፀሐይም አልታየችም። ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጋሽ ከድር አንድ አጭር፣ ወፍራም ሰው አስከትለው መጡ። ሙሉጌታ ይባላል፤ ከጎበሳ ወደ አሰላ ሊዛወር የሚፈልግ ልብስ ሰፊ ነው። ከኋላው የተከተለ ተሸካሚ የልብስ ስፌት መኪናውን በላስቲክ ጠቅልሎ በትከሻው ይዟል።

«መኪናውን ለምን አስያዙኝ ጋሼ? የመጣሁት ቤት ለማየት ነው ወይስ ለመሥራት?» ይላል ሙሉጌታ።

«በሬ ሳትጠምድ ትገዛለህ?»

መኪናውን ከአምፖሉ ሥር አስቀመጡለት። ጋሽ ከድር ጉድለቱን ጀመሩ። ጣሪያው ተበስቶ እንደተደፈነ፣ ባትሪው አሮጌ እንደሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ መብራቱ አጭር እንደሆነ፣ የመብራት መስመር አንድ ቀን እንደሚመጣና ያን ጊዜ መስተዋቱ እንደ ዛሬው እንደማያስፈልግ፤ አንድም አላስቀሩም። እኔ ጥግ ቆሜ በልቤ እጸልያለሁ። ሰናይት ጋቢ ተከናንባ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። ሕመሟን እንዳንናገር ተስማምተናል።

ሙሉጌታ መስፋት ጀመረ። ለተማሪዎች ዩኒፎርም የተቆረጠ ጨርቅ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ፊቱ እንደ ተኮሳተረ ነው። ከዚያ ጨርቁን ወደ ዓይኑ ማስጠጋቱን ተወ። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ላምባ እንደ ልብ አይገኝም» አለ፣ ሳናናግረው፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሲገኝም ጥላሸቱ ነጭ ጨርቅ ያበላሽብኛል። ለበዓል ሰው ሁሉ ነጭ ነው የሚያሰፋው። ማታ ማታ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር የምሰፋው፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ፣ በኩራዝ! ዓይኔ ሊጠፋ ነበር።»

ጋሽ ከድር ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የመኪናው ድምፅና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ቆይቶ፣ ሙሉጌታ አንድ ኮሌታ ጨርሶ ሌላውን ሲያያይዝ፣ አምፖሉ ቀላ። ከዚያ ደበዘዘ። መኪናው ቆመ።

«ከዚህ በኋላስ?» አለ ሙሉጌታ።

ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ከዚህ በኋላ ትተኛለህ። ሚስትህም ታመሰግነኛለች» አሉ።

ሙሉጌታ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተሸካሚውም ሳቀ። የሰፋውን ዩኒፎርም አንሥቶ በደበዘዘው ብርሃን ስፌቱን አገላብጦ አየው። «በሐምሌ ይህን ካሰፋኝ በጥቅምትማ...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ ጨረስኩለት፤ በልቤ።

ራት አቀረብኩ። ማስታጠቢያውን ይዤ እኔ ራሴ አስታጠብኳቸው። በልተው ወጡ።

ዋጋው በሁለተኛው ቀን አለቀ። ለቤቱ ቀበሌ የገመተው በወረቀት ተጻፈ። የመስተዋቱ ዋጋ፣ ዕቃ ነው ስለተባለ፣ በሽማግሌ ፊት ለብቻው ተከፈለ። ሙሉጌታ የከፈለው የሮቤው ሰው ካሳየኝ ይበልጣል። ተስፋዬ እንዳለው ሁለት ቤት አልሆነም፤ ለእኔና ለልጄ ግን በቃን። ጋሽ ከድር ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው፣ ድሮ የበሬ ገመድ ሲያስረክቡ እንደሚያደርጉት፣ ከቁልፉ ጋር በሙሉጌታ መዳፍ ላይ አኖሩት። «ሥራህ ይለምልም፣ ቤትህ ይለምልም» ብለው በኦሮምኛ መረቁት፤ እኔንም መረቁኝ። ከዚያ ወደኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«ድካሜስ?»

ከፈልኳቸው። ሬንጁንም ጨምረው ተቀበሉኝ። ቆጥረውም ወደ ኪሳቸው ከተቱ። በዚህ ደስ ብሎኛል። ምጽዋት አልሰጡኝም፤ ሥራ ሠርተውልኛል። አንገቴን ቀና አድርጌ ከአሰላ ወጣሁ።

አዲስ አበባ የሆነውን አላበዛም። ሰናይት ለረጅም ጊዜ ተኛች፣ ለረጅም ጊዜ ተወጋች። ቤት ተከራየን፣ መድኃኒት ገዛን፣ ሳይቸግረን በላን። ስንት እናት ገንዘቧ አልቆ ልጇን ይዛ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔ ልጅ ዳነች። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

እንግዲህ ወደ ለቅሶው ልመለስ። ሙሉጌታ ሸብቷል፤ ከዘራ ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። የመብራት መስመር እኛ በሄድን በጥቂት ዓመት መጣ አለኝ። መስተዋቱ ግን ዛሬም ጣሪያው ላይ ተኝቷል። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ስልኩን ሊሞላ እሱ ዘንድ ይመጣል። «ጋሽ ከድር አንድ ቀን አያስፈልግህም ብለውኝ ነበር፤ በዚህ ብቻ ዋሹኝ» ብሎ ፈገግ አለ።

ከዚያ ሰናይትን አያት። «ያቺ ልጅሽ ናት? ያኔ አልጋ ላይ የነበረችው?»

«ናት።»

«ልቧ እንዴት ነው፣ እትዬ?» አለች ዘነበች ከወዲያ፤ እሷ ከዓመታት በኋላ ከእኔው ሰምታ ታውቅ ነበር።

ሙሉጌታ ግራ ገባው። «ልቧ ምን ሆኖ?»

ነገርኩት። ያኔ ለምን እንደሸጥን፣ ምን ያህል እንደቸኮልን፣ ጋሽ ከድር ሁሉን እያወቁ አንድ ቃል እንዳልነገሩት። ሙሉጌታ ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔኮ አምቻት ነበር» አለ። «ያን ማታ እናቷ ስታስታጥበን እሷ ተከናንባ ተኝታለች። ስንወርድ በመንገድ ላይ ለጋሽ ከድር፣ ‹ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ልጅቷ ግን ምን ዓይነት ሰነፍ ናት? ለእንግዳ ተነሥታ ውሃ አታስነካም?› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«በዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ቤቱን ዞረው አዩትና ‹ልጅ ናት፤ ትነሣለች› አሉኝ። ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ አላናገሩኝም።»

በዚህ መካከል የለቅሶ ቤቱ ምግብ መጣ። የማስታጠቢያው ጣሳ በድንኳኑ መግቢያ በኩል ተቀምጦ ነበር። ሰናይት ሁሉን ሰምታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፣ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች፣ ከሙሉጌታ ፊት ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጆቹ ላይ አፈሰሰች።